የእታለም ጠላና የእኔ ክኒን

የፀዳ ከተማ ሰው እኔን የሚያውቀኝ በሁለት ነገር ነው፤ በምበይደው የብረት በርና በሰኔ ሚካኤል ዕለት እታለም ቤት በማስመለሴ። በሩ ይቅርና ስለ ሁለተኛው ልንገራችሁ። ሕመሜን ብቻ አውርቼ ባልፍ ደስ ባለኝ፤ የታመመ ሰው ይታዘንለታል። ግን ሕመሜና ጥፋቴ አንድ ላይ የተበየዱ ናቸውና ነጥዬ ማውጣት አልቻልኩም።

ስሜ ሙላት ነው። ፀዳ ላይ፣ ቤት በየቀኑ እንደ አሸን በሚፈላበት በኩል፣ የበርና የመስኮት ብየዳ ቤት አለኝ። ሆዴ ጤና ያጣው ግንቦት ውስጥ ነው። መጀመሪያ ቁርጠት ብቻ ነበር። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ፌጦ በሎሚ በጥብጣ አጠጣችኝ፤ ሁለት ቀን ሻል አለኝና በሦስተኛው ሽንት ቤት ስመላለስ ዋልኩ። ቀጥሎ ንፍጥ መጣ፣ ከንፍጡ ጋር ደም። ደሙን ሳይ ደነገጥኩ፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም። እንዲህ ያለውን ነገር ማን አፉን ሞልቶ ያወራል?

አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ደም ወሰዱና «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» አሉኝ። በኛ አገር ደሙን ሰጥቶ ታይፎይድ የማይገኝበት ሰው አለ ብዬ አላምንም። የሰጡኝን ውጬ ጨረስኩ፤ ደሙ እንደሆነ አልቆመም። ጥሩወርቅ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ስታይ ነገሩን አወቀችና «አንተ ሰው፣ አንጀትህ እስኪወጣ ነው የምትጠብቀው?» ብላ ወደ ጤና ጣቢያ ሰደደችኝ።

ጤና ጣቢያው ሰገራ አምጣ ብሎ አንዲት ትንሽ ዕቃ ሰጠኝ። ዕቃዋን በጋዜጣ፣ ጋዜጣውን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ፌስታሉን ጃኬቴ ውስጥ ደብቄ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበሩ አሮጊት አየት አደረጉኝና «ምነው ልጄ፣ ሰርቀህ ነው እንዴ የመጣኸው?» አሉኝ። በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሃል ሳቅሁ። ውጤቱ ሲመጣ አሜባ ሆነ። አሜባ ማለት በዓይን የማትታይ ተባይ ናት፤ ባልተጣራ ውሃና በደንብ ባልታጠበ ምግብ ትገባና አንጀትን ታቆስላለች።

መድኃኒት የሰጠችኝ ቀጠን ያለች፣ ቆጣ የምትል ልጅ ነበረች። ክኒኑን ቆጥራ ከረጢቱ ላይ እየጻፈች ትነግረኛለች።

«ሜትሮኒዳዞል ይባላል። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ምግብ ከበሉ በኋላ፣ ሰባት ቀን። ተሻለኝ ብለው እንዳያቋርጡት። አፍዎ ብረት ብረት ይልዎታል፣ ሽንትዎም ጠቆር ሊል ይችላል፤ በዚህ አይደንግጡ። መጠጥ ይጠጣሉ?»

«ኧረ እኔ ጠጪ አይደለሁም።»

«ጠላስ?»

«ጠላማ ምግብ ነው!»

ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«ጠላም፣ ጠጅም፣ አረቄም፣ ቢራም አይሆንም። ከመድኃኒቱ ጋር ከተገናኘ ያስመልሳል፣ ፊት ያቀላል፣ ልብ ያስመታል። ከጨረሱም በኋላ ሦስት ቀን ይታገሡ። ሰምተውኛል?»

«እሺ» አልኳት። ከመስኮቱ ስርቅ እሺ ማለቴንም ረስቼው ነበር።

መድኃኒቱ ሸጋ መድኃኒት ነው፤ አልዋሽም። ሃያ ዓመት የብረት ጭስ ስተነፍስ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንደዚያ ያለ ብረት ግን አፌ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ሽሮው ብረት፣ ውሃው ብረት። ቢሆንም በአራተኛው ቀን ደሙ ቆመ፣ ቁርጠቱም ለቀቀኝ። በአምስተኛው ቀን ሰኔ ሚካኤል ሆነ።

እኛ በየወሩ በአሥራ ሁለት የምንጠጣው የሚካኤል ማኅበር አለን። ጽዋው ከቤት ቤት ይዞራል፤ የደረሰው ሰው ዳቦውን ጋግሮ፣ ጠላውን ጠምቆ ማኅበርተኛውን ያበላል፣ ያጠጣል። የሰኔው ተራ የእታለም ነበር። እታለም ባሏ ሲሞት ከጭልጋ በኩል የመጣች፣ ከእኔ ብየዳ ቤት ማዶ ለቀን ሠራተኞች ጠላ እየሸጠች የምትኖር ሴት ናት። ደጇ ላይ እንጨት ተክላ፣ ጣሳ ደፍታበት ነበር፤ ጠላ አለ ማለት ነው። ማኅበር ከገባች ገና ዓመቷ ነው፤ ጽዋ ስታወጣ የመጀመሪያዋ። ያን ሳምንት በበሬ ባለፈች ቁጥር «አያ ሙላት፣ እንዳትቀር፤ ጠላዬን አንተ ሳትቀምስልኝ» ትለኝ ነበር።

እንግዲህ የእኛን ሰው ታውቁታላችሁ። ጽዋ አይመለስም። ያውም የአዲስ ሰው ጽዋ ሲመለስ ትርጉም አለው፤ «ተጸየፋት» ይባላል፣ ከዚያም የባሰ ይባላል። እኔም ይቺን ሴት በመጀመሪያ ጽዋዋ ላሳፍራት? ብዬ አሰብኩ። ለእሷ አዝኜ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እውነቱን ከጠየቃችሁኝ ደግሞ ጠላውም አምሮኝ ነበር።

ከዚያ ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ። የጠዋቱን ክኒን ዘለልኩት። አንዱን ብዘል ጠላውና መድኃኒቱ ሆዴ ውስጥ አይገናኙም አልኩ። ክኒኑ ከተዋጠ በኋላም ደም ውስጥ መቆየቱን የት አውቄ! ጥሩወርቅ ነጠላዋን እያጣፋች «መድኃኒቱን ጨረስከው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ትናንት ጨረስኩ» አልኳት። ነገሩ ሁሉ የመጣው በዚህች ቃል ነው።

ቄሱ ባርከው፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ተቀዳ። ጠላዋ ግሩም ነበር። አንዱን ዋንጫ ጨረስኩ፤ እታለም ደስ ብሏት ደገመችኝ። ሁለተኛውን ሳላጋምስ ፊቴ እሳት ሆነ። ልቤ ደረቴን መደብደብ ጀመረች፣ ራሴን ወጋኝ፣ ቤቱ ዞረብኝ። ልውጣ ብዬ ስነሳ እዚያው ማኅበሩ መሃል አስመለስኩና በጉልበቴ ወደቅሁ። «ቀልቷል! ፊቱን እዩት!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ የጥሩወርቅ ጩኸት።

«ምን አጠጣሽው? አንቺ ሴት፣ ባሌን ምን አጠጣሽው?»

እታለም እጇ ላይ የነበረውን ማንቆርቆሪያ ይዛ ደርቃ ቀረች። የማኅበሩ ሙሴ አያ ደመቀ ናቸው፤ ሙሴ የምንለው የማኅበሩን አለቃ ነው። «ቆይ እስቲ፣ ሰውየው ይረጋጋ» አሉ። ግን እንዲህ እያሉ የራሳቸውን ዋንጫ ቀስ አድርገው መሬት አስቀመጡ። ቀጥሎ ያለውም አስቀመጠ። ዋንጫ በየተራው መሬት ሲነካ እሰማለሁ።

እታለም ከማንቆርቆሪያው ቀድታ «ያው ከዚሁ ነው፤ እዩኝ!» ብላ ጨለጠችው። አንዲት ሴት በሹክሹክታ «ማርከሻውን ታውቀዋለቻ» አለች።

እኔ ሁሉንም እሰማለሁ። ምን እንደነካኝም አውቃለሁ። ያቺ ቆጣ የምትል ልጅ አንድ በአንድ የነገረችኝ ነው የደረሰብኝ። አፌን ከፍቼ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ መድኃኒት ላይ ነኝ» ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን ጠዋት ለሚስቴ ዋሽቻለሁ፤ ጽዋ ከመተው መድኃኒት ተወ መባሉም አሳፈረኝ። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ጥሩወርቅ ደግፋ ስታወጣኝ እታለምን አላየኋትም፤ ማየት ስላልፈለግሁ ነው ያላየኋት።

ነገ ሲመጣ ነገሩ ሰፈሩን ዞሮ ነበር። «ሙላትን አንድ ነገር አድርጋበት።» «ባሏስ በምን ሞተ?» ጥሩወርቅ ጠበል ወሰደችኝ፤ ከጠበል ጋር ክኒን አይሆንም ብዬ ራሴን ነፃ አወጣሁ። በዚያ ላይ ክኒኑን ፈራሁት። የተረፈውን ክኒን የብየዳ ዘንግ በማኖርበት ቆርቆሮ ውስጥ ደበቅሁትና ሆዴ ሲቆርጠኝ አንዳንዴ ሁለት፣ አንዳንዴ አንድ እወስድ ጀመር፣ ልክ እንደ ራስ ምታት ክኒን።

ከብየዳ ቤቴ ሆኜ ማዶውን አያለሁ። የቀን ሠራተኞቹ በደጇ አልፈው ሌላ ቤት ይገባሉ። ሐምሌ ላይ ጣሳው ከእንጨቱ ወረደ። ትንሽ ቆይቶ እንጨቱም ተነቀለ። እታለም ልብስ በማጠብ ትኖራለች ሲባል ሰማሁ። ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች፤ እኔ መነጽሬን ዓይኔ ላይ አድርጌ ብየዳዬን እቀጥላለሁ። ቀጥሎ ያለው ሚካኤል ሲመጣ እናገራለሁ እያልኩ ሐምሌም ነሐሴም አለፈ።

መስከረም ሲጠባ ትኩሳት ያዘኝ። ቀኝ ጎኔ ከጎድን አጥንቴ ሥር ይወጋኛል፤ ስተነፍስ ሕመሙ እስከ ትከሻዬ ይወጣል። አንድ ክሊኒክ «በር ተሸክመህ ነው፣ ጡንቻ ነው» ብሎ ማስታገሻ ሰጠኝ። ሌላው ደም ወሰደና ምን አለኝ መሰላችሁ? ታይፎይድ! ሌሊት ላብ ያጠምቀኛል። ሲብስብኝ የእታለምን ጠላ አስታውሼ፣ ሚካኤል እየቀጣኝ ነው እላለሁ። ጥሩወርቅ ደግሞ በሹክሹክታ «የዚያች ሴት ሥራ ነው፤ ገና አለቀቀህም» ትላለች። እኔም ዝም።

መቆም ሲያቅተኝ ጎንደር ትልቁ ሆስፒታል ወሰዱኝ። ግማሽ ቀን ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ዋልኩ፤ አንድ የማላውቀው የአርማጭሆ ገበሬ ጋቢውን አጥፎ ከራሴ ሥር አደረገልኝ። ሆዴን በአልትራሳውንድ አዩትና ወጣቱ ሐኪም «ጉበትዎ ላይ መግል ቋጥሯል» አለኝ። በመርፌ ሲቀዱት የቀይ አፈር ጎርፍ የመሰለ ነገር ወጣ። አሜባዋ ከአንጀቴ ተነስታ በደም ጉበቴ ደርሳ ነበር። ሜትሮኒዳዞል በደም ሥር ጀመሩልኝ። ያው የብረት ጣዕም አፌ ሲገባ አለቀስኩ፤ ነርሷ መርፌው ያመመኝ መስሏት ይቅርታ ጠየቀችኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠያቂ ሲገባ እታለም መጣች። በፔርሙዝ አጥሚት ይዛ በሩ ጋ ቆመች። ማንም አልጠራትም፣ ማንም ቦታ አልለቀቀላትም።

«እንዴት ነህ አያ ሙላት? እግዜር ይማርህ።»

«ደህና ነኝ» አልኩ፤ ዓይኔ ጣሪያው ላይ።

ጥሩወርቅ ፔርሙዙን በሁለት እጇ ተቀበለች፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች፤ በአንደበቷ ደህና ነበረች። እታለም ከወጣች በኋላ ግን ተነስታ ወደ መታጠቢያው ሄደችና አጥሚቱን ደፋችው። ሙቅ ነበር፤ እንፋሎቱ ሲወጣ አየሁት። ፔርሙዙን አራት ጊዜ ነው ያራገፈችው፣ ጠብታ እንዳይቀር።

እውነቴን ነው፣ ያኔ የሞትኩ መሰለኝ። ልብስ አጥባ ከምታገኘው ላይ ነው ያን አጥሚት የሠራችው። እዚያው ሰዓት ሐኪሙ መጣና መዝገቤን እያገላበጠ ጠየቀኝ።

«ከዚህ በፊት አሜባ ታክመው ነበር? መድኃኒቱን ጨርሰውታል?»

ጥሩወርቅ ቀድማ «ጨርሷል» አለች።

«አልጨረስኩም» አልኩ። «በአምስተኛው ቀን አቋረጥኩት። ጠላ ጠጣሁበትና አስመለሰኝ። ተነግሮኝ ነበር። አውቄ ነው።»

ሐኪሙ አልተቆጣም። ግማሽ መድኃኒት ተባዩን እንደሚያስደነግጠው እንጂ እንደማይጨርሰው አስረዳኝ። ከመጠጥ ጋር የደረሰብኝ በሁሉም ሰው ላይ እንደማይደርስ፣ በማን እንደሚደርስ ግን አስቀድሞ እንደማይታወቅ ነገረኝ። ሌላ የምወስደው መድኃኒት፣ በተለይ ደም የሚያቀጥን፣ እንዳለ ጠየቀኝ፤ አብሮ ሲወሰድ ደም ሊያፈስ ይችላልና። እጄን ወይም እግሬን ከደነዘዘኝ ቶሎ እንድናገር፣ ይሄኛው ሲያልቅም አንጀት ውስጥ የቀረውን የሚያጠራ ሁለተኛ መድኃኒት እንዳለ ነገረኝ። ጥሩወርቅ አንዱንም የሰማች አይመስለኝም። ባዶውን ፔርሙዝ ታቅፋ ቆማ ነበር።

ሐኪሙ ሲወጣ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«እህል አስደፋኸኝ» አለችኝ። «ሰው በፍቅር ያመጣውን እህል በእጄ አስደፋኸኝ። በሰው ፊት ምን አጠጣሽው ያልኳት እኔ ነኝ። አንተ ግን እያወቅህ ሰማኸኝ።» ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ ምግቤን ታበላኛለች፣ መርፌው በክኒን ሲተካልኝም ክኒኔን በሰዓቱ ትሰጠኛለች፣ አንዲት ቃል ግን የለም።

ከሆስፒታል እንደወጣሁ የሁለት ቀን ክኒን ሲቀረኝ ሁለታችን እታለም ቤት ሄድን። ጥሩወርቅ ፔርሙዙን አጥባ፣ ማር ሞልታበት ይዛለች። ገና ከመግባቷ እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል እታለም ያዘቻት። እኔ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ክኒኑን መዝለሌን፣ ውሸቴን፣ ዝምታዬን። እታለም መሬት መሬቱን እያየች ሰማችኝ።

«ይቅር ይበልህ» አለች በመጨረሻ። «ግን አያ ሙላት፣ ያስመለስከው ሰው ፊት ነው። ሰው ፊት ጠጣልኝ።»

«አሁኑኑ ቅጂልኝ! ሰፈሩን ሁሉ ልጥራ!»

«መድኃኒትህን ጨርሰሃል?»

«ሁለት ቀን ቀርቶኛል።»

«እንግዲያ ጨርስ። ሦስት ቀን ጨምርበት አላሉህም? ደግሞም ጠላ የለኝም፤ ጋንም የለኝ። ከሰው ተውሼ እጠምቃለሁ።»

«ጋኑን ሸጥሽው?» አልኳት። ፔርሙዙን ተቀብላ ወደ ጓዳ ገባች።

አያ ደመቀን ለምኜ የኅዳር ሚካኤልን ጽዋ ያለ ተራዬ ወሰድኩ። በኅዳር ክኒኑም፣ ሁለተኛው መድኃኒትም ካለቀ ሰንብቷል፤ ሐኪሙም አይቶኝ ጉበትህ እየዳነ ነው ብሎኛል። ለምታነቡት እንዲህ እላለሁ፤ የታዘዘላችሁን ጨርሱ፤ የተረፈ ክኒን ቆርቆሮ ውስጥ አታስቀምጡ፤ ጽዋ ሲመጣ «መድኃኒት ላይ ነኝ» በሉ። ከንፈር አስነክቶ መመለስ እንኳ ሳያስፈልግ የሚገባቸው ሰዎች ናቸው። እኔ ነኝ ያልሞከርኳቸው።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ማኅበርተኛው ሁሉ እኔ ቤት ተቀመጠ። ጠላው የእታለም መሆኑን ሲሰሙ ዋንጫው ሁሉ ፊታቸው ቆመ፤ ያነሳ የለም። ተነስቼ ተናገርኩ። አንድም አላስቀረሁም። ሲያበቃ ዋንጫዬን አንስቼ እስከ አተላው ጨለጥኩት። ከዚያ ሁሉም ፊቴን ማየት ጀመረ። ይቀላ ይሆን? ይወድቅ ይሆን? 

አያ ደመቀ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እኛም ከአንተ አልተሻልንም» ብለው ዋንጫቸውን አነሱ። ሌላውም አነሳ። ጥሩወርቅ ሁለት ጊዜ አስቀዳች። እታለም ግን ማንንም አላየችም፤ ምሰሶው ጋ ቆማ እኔን ብቻ ታያለች፣ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና።

ሰው ሲበተን ጠጋ ብዬ ቀለድኩባት። «ምነው እታለም፣ አንቺ ደግሞ ምን ያስፈራሻል? የራስሽ ጠላ አይደል?»

«ጋኑን አልሸጥኩትም አያ ሙላት» አለችኝ። «ሰበርኩት። ያን ቀን ስትወድቅ እኔም እጄን ጠረጠርኩት። ጌሾው ውስጥ ምን ገባ፣ ጋኑን በምን አጠብኩት፣ ምን አጠጣሁት እያልኩ። ሆስፒታል ገባ ሲሉኝ፣ ገደልኩት አልኩ። እውነቱን ከነገርከኝ በኋላም ፍርሃቱ እስከ ዛሬ አለቀቀኝም። የአጥሚቱን እህል እንኳ በሦስት ውሃ አጥቤ ነው የሠራሁት።»

አምስት ወር ሙሉ ሰፈሩ እሷን ጠረጠረ፣ እሷም ራሷን። እውነቱን የማውቀው እኔ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ መነጽሬን አድርጌ በር እበይድ ነበር።